የግራው እግር

ልብስ ሰፊዋ ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ከተከራየች ወዲህ ኳስ ሳይወራ የዋለበት ቀን አታስታውስም። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለሆነ ወዲያ ማዶ መቀስ ሲቃጭል እንኳ ይሰማታል። የሰው ድምፅማ አይነሳ። ፀጉር ቤቱ የሚሰበሰቡት ጠዋት ይጀምራሉ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይጋጋላሉ፤ አመሻሽ ላይ ተኮራርፈው ይበተኑና በነጋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የሚከራከሩት ስለ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ መሆኑን ግን አያውቁም። እሷም አልነገረቻቸውም።

ያልነገረችበት ምክንያት ነበራት። በድሮው ሰፈሯ ሁሉም ያውቃት ነበር። ወንድሟ በፍፃሜ ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተ ዕለት ግን፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ አንድ ድንጋይ መስኮቷን ሰብሮ ገባ። ስብርባሪው ነጩ ቀሚስ ላይ ተበተነ። ማን እንደወረወረው አላየችም። ከዚያ ቀን ወዲህ የብዙ ሰው ጩኸት ስትሰማ እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል። አዲሱ ሰፈር ስትመጣ «ኳስ ትወጃለሽ?» ብለው ሲጠይቋት «እኔ ኳስና ድንች አልለይም» ብላ አሳቀቻቸውና በዚያው ተረሳ።

ወንድሟን ሰዉ «ወንጭፍ» ይለዋል። ከሁለት የውድድር ዘመን በፊት እንደሱ ያለ አጥቂ አልነበረም። ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ በክራንች ከረመ፤ ዘንድሮ ሲመለስ ግን ያ የሚያውቁት ልጅ አልሆነላቸውም።

«ወንጭፉ ገመዱ ተበጥሷል፣ በቃ!» አለ አንድ ቀን ባለታክሲው። ከግድግዳው ማዶ ካሉት ሁሉ ድምፁ የሚያስፈራት እሱ ነው። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠፋ እየገባ የሚጮኸው ጩኸት የመርፌ ሳጥኗን ያንቀጠቅጠዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉልበት እኮ ጎማ አይደለም፤ አውልቀህ አትቀይረውም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ጎማ በሆነና በተሻለ! እኔ ጎማዬ ካለቀ መንገድ አልወጣም። እሱ ምን ቆርጦት ሜዳ ይገባል?»

«ረጋ በሉ፣ በምክንያት እንየው» አሉ ጡረታ የወጡት መምህር። ጨዋታ አይተው በመጡ ቁጥር ፈተና እንደሚያርም ሰው ነው የሚናገሩት። «ችግሩ ፍርሃት ነው። አንዴ የተጎዳ እግር ባለቤቱ አያምነውም። ባለፈው ጨዋታ ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግራ እግሩን ይጎትታል።»

«ይጎትታል እንጂ! እንደ ጆንያ ነው የሚጎትተው!» አለ ባለታክሲው።

«ቆይ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ መቀሱ ዝም አለ። «ኦፕራሲዮን የተሠራው ቀኙ አይደል እንዴ?»

«ግራው ነው!»

«ቀኙ ነው እላለሁ! በክራንች ሲሄድ ጋዜጣ ላይ አይቼዋለሁ።»

«አንተ ደግሞ የክራንች ፎቶ አይተህ ሐኪም ሆንክ! ግራው ካልሆነ እዚሁ ጺሜን እላጫለሁ።»

«ማን ሊላጭህ? እኔው አይደለሁ? ቅንድብህንም እመርቅልሃለሁ!»

ሁሉም ሳቁ። መምህሩ ግን እንደ ልማዳቸው ማሰሪያ ሳያበጁለት አልተዉትም። «ግራው መሆን አለበት» አሉ። «ጤነኛ እግር ያለ ምክንያት አይጎተትም።»

ከግድግዳው ወዲህ የልብስ ሰፊዋ እግር ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ።

የተሠራው ቀኙ ነው። ቁስሉን ያጠበችው፣ ፋሻውን የቀየረችው እሷ ናት። ጠባሳው ከቀኝ ጉልበቱ በታች እንደ ዚፕ ተጋድሞ ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ ይታያታል። ግራ እግሩን አንድም ቀን ሐኪም ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ለምን ይጎትተዋል?

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያየቻቸውና እንደ ዋዛ ያለፈቻቸው ነገሮች አንድ በአንድ ይመጡባት ጀመር። ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ የተሰበረው፤ ከግራ እጁ ነበር። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳያውቀው ሳሎኑን ያቋረጠው፤ የግራው ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እናታቸው እንድትቆልፍለት እንደ ሕፃን አገጩን ቀና አድርጎ የቆመው። መጋረጃ ዘግቶ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥሎ የሚተኛው። «ምነው?» ሲሉት «ጉልበቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ» ይል ነበር። ጉልበቱን ለታመመ ሰው ጨርቁ ግንባር ላይ ምን ይሠራል?

ደግሞ ያ ግጭት አለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከበረኛ ጋር አብረው ዘለው የበረኛው ጉልበት ጭንቅላቱን መትቶት ወድቆ ነበር። ውሃ አፈሰሱበት፣ ተነሳ፣ ተጨበጨበለት፣ ጨዋታው ቀጠለ። ማታ እየሳቀ ነበር ያወራላቸው።

ሥራዋን ጥላ፣ ሱቋን ዘግታ ቤት ሄደች። እናታቸው ደም ብዛት ስላለባት እንዳትደነግጥ ብላ ፊቷን አስተካክላ ነው የገባችው። ወንድሟ ጨለማ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቦርሳው ተዘጋጅቷል። ማታውኑ ቡድኑ ካረፈበት ቦታ መግባት አለበት፤ በነጋታው ጨዋታ አለ።

«ተነስ፣ ልለካህ» አለችው፣ ሜትሯን ከአንገቷ እያወረደች። «ሸሚዝ ልሰፋልህ ነው።»

«አሁን ነው የታየሽ እትዬ? ራሴን…» አለና ጉልበቱን ያዘ። «ጉልበቴን አሞኛል።»

«አንዴ ነው። ቁም። እጆችህን ወደ ጎን ዘርጋ። ዓይንህን ጨፍን፣ ሜትሩ እንዳይነካህ።»

ዘረጋ። ከኋላው ቆማ ትከሻውን ለካች። ቀኝ እጁ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል። ግራው ቀስ እያለ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚሰጥም ነገር፣ ወደ ታች ይወርድ ጀመር።

«ከፍ አድርገው እንጂ» አለች።

«የቱን?»

«ግራህን።»

«አድርጌዋለሁ እኮ።»

እጁ ጭኑ ጋ ደርሶ ነበር። ሜትሩ ከእጇ ወደቀ። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እጁን አየ።

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እናታቸው ማዶ ልብስ እያጠፈች ነው።

ክንዷን ያዛት። ሲይዛት በቀኝ እጁ ነበር። «እትዬ፣ በእናትሽ፣ ነገን ብቻ ልጫወት። ነገ ካላገባሁ ያሰናብቱኛል፤ አሰልጣኙ በግልፅ ነግሮኛል። ከጨዋታው በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂኝ፣ በሸክምም ቢሆን።»

«ጭንቅላትህን ቢመቱህስ?»

«አይመቱኝም። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ! ትገያታለሽ።»

ስትከራከረው የቡድኑ መኪና ጥሩምባ በር ላይ ጮኸ። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በሩን ሲወጣ ግራ ትከሻው መቃኑን መታው፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ተከትላ ቡድኑ ወዳረፈበት ክለብ ሄደች። ዘበኛው የብረት በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት እህት ነው ያለው? ትናንትም አንዷ መጥታ ‹እህቱ ነኝ› ብላኛለች፤ የዛሬ ሳምንትም እንዲሁ።» ወጌሻውን ጥራልኝ ብትል፣ አሰልጣኙን ብትል፣ ብታለቅስ፣ በሩ አልተከፈተም። ስልኩን ደወለች፤ ዝግ ነው። ለጨዋታ ሲገቡ ስልክ ይሰበሰባል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሌሊቱን የወንድሟ እጅ በጨለማ ውስጥ ሲወርድ እያየች ነጋባት።

በነጋታው ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ለጨዋታው ሊሄዱ ሲዘጋጁ ሰማቻቸው። ባለታክሲው የመኪናውን ቁልፍ እያቃጨለ «ዛሬ ካላገባ እኔ ራሴ ነኝ ከሜዳ የማስወጣው!» እያለ ይፎክራል። እሷ ሱቋ በር ላይ ቆመች። ያ ድንጋይ፣ ያ የመስታወት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ማንነቷን ከነገረች ነገ የሚሰበረው ይህኛው መስኮት ነው። ካልነገረች ደግሞ…

ገባች። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ።

«የተሠራው ቀኙ ነው» አለች።

«ምን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ቀኝ ጉልበቱ ነው የተሠራው። ግራው ጤነኛ ነበር። እኔ እህቱ ነኝ።»

ባለታክሲው የተናገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳስታወሰ ሰው አፉን ከፈተና ዘጋው። እሷ መናገር ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። እጁ እንዴት እንደወረደ፣ ብርጭቆው፣ ራስ ምታቱ፣ የበረኛው ጉልበት፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። መምህሩ መነፅራቸውን አወለቁ።

«ጭንቅላቱ ነው» አሉ በቀስታ። «እኔ ደግሞ ፍርሃት ነው ስል… ተነሱ! ዛሬ አንድ ኳስ በቴስታ ቢመታ…»

«የሚያስገባኝ አጣሁ» አለች። «በሩ ላይ ይመልሱኛል።»

ባለታክሲው ቁልፉን ጨበጠ። «ተጫዋቾች የሚገቡበትን በር አውቀዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ። «ስድቤን የማቀብላቸው እዚያ ቆሜ ነው። ነይ።»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን እንደተቆረጠ ለመምህሩ ትቶ አብሮ ዘለለ። መንገዱ በደጋፊ ተጨናንቋል። መኪናው አንዴ ሲንቀሳቀስ አንዴ ሲቆም ሬዲዮው ቋሚ አሰላለፉን ነገራቸው፤ የወንድሟ ስም አለበት። ቀጥሎ ጨዋታው ተጀመረ። «ወንጭፍ ወደቀ» አለ ሬዲዮው። የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። «ተነሳ። ዛሬም እግሩ እሺ አላለውም።» ባለታክሲው ሬዲዮውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ «ተወው!» ብላ ጮኸችበት። አለመስማቱ ይብስባት ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ባለታክሲውን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «አንተ ደግሞ መጣህ? ዛሬ ማንን ልትሞልጭ ነው?»

«ማንንም። ይቺ የወንጭፍ እህት ናት። ልጁ ታሟል። ከዋሸሁ ሁለተኛ በዚህ በር አላልፍም፤ እናቴ ትሙት!»

ጥበቃው መልኳን አየ። ግንባሯና ዓይኖቿ የወንድሟ ናቸው። አሳለፋቸው።

ከጨለማው መተላለፊያ ወደ ብርሃን ሲወጡ ጩኸቱ እንደ ግንብ መጥቶ መታት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቆማ አታውቅም። እግሯ አልራመድ አላት፤ ፀጉር አስተካካዩ በክንዷ ይዞ አጥሩ ጋ አደረሳት። ወጌሻው ቦርሳውን ታቅፎ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ተቀምጧል። ተጣራች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ያን ጊዜ ባለታክሲው ያንን ስትፈራው የከረመችውን ድምፁን አወጣው።

«ወጌሻ!»

ወጌሻው ያንን ጉሮሮ ያውቀዋል። የተለመደውን ስድብ ሊመልስ በንዴት ዞረ፤ ያየው ግን እንባዋ የሚወርድ ሴት ነው። ጠጋ አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ነገረችው። «ግራ እጁ… ይወርዳል፣ እሱ አያውቅም… ራሱን ያመዋል… ለእናንተ ጉልበቴ ነው እያለ…» እየሰማት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ያስመልሰዋል?» አለ።

«እኔ እንጃ… ትናንት ምሳውን አልበላም።»

ወጌሻው ወደ አሰልጣኙ ሮጠ። በዚያው ቅፅበት የማዕዘን ምት ሊመታ ነበር። ወንድሟ ከግቡ ፊት፣ በረጃጅም ተከላካዮች መሃል ቆሟል። ኳሱ ተነሳ። ሊዘል ሲጎነበስ አየችውና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። የምትጠብቀው የአጥንት ድምፅ ነበር። የሰማችው ሳቅ ነው። ሺህ ሰው በአንድ አፍ ሳቀ። ጣቶቿን ስትገልጥ ወንድሟ መሬት ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፤ ኳሱ በሌለበት ቦታ ነበር የዘለለው።

ባለታክሲው አልሳቀም። «የኔ ወንድም ቢሆንስ» ሲል ሰማችው፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው።

የቅያሪው ሰሌዳ ወጣ፤ የእሱ ቁጥር። ወንድሟ እጁን እያወዛወዘ «አልወጣም» አለ። ዳኛው ጠጋ አለው። ያን ጊዜ አጥሩ ጋ የቆመችውን እህቱን አያት። ገባው። ወደ ዳሩ መራመድ ሲጀምር ሕዝቡ ያፏጭ ጀመር፤ የውሃ ፕላስቲክ ከላይ እየተወረወረ ሳሩ ላይ ዘነበ። አንዱ ወደ እሷ ሲመጣ ባለታክሲው በጀርባው መከተው።

ወንድሟ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆመ። የአፉ አንዱ ጎን ወደ ታች ተንጋድዷል።

«ገ…ደልሽኝ» አላት። ቃሉ ምላሱ ላይ ተልፈስፍሶ ነበር የወጣው።

መተላለፊያው ውስጥ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ አስመለሰው፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ሊል ሲል ግራ ጎኑ ከዳው። ወጌሻው መሬት ሳይነካ ያዘው።

ሆስፒታል በአምቡላንስ ነው የደረሱት። ምርመራው አልዘገየም። ሐኪሙ በጭንቅላቱ ፎቶ ላይ በጣቱ እያሳየ ነገራት። የራስ ቅሉ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ደም ቀስ እያለ ለሳምንታት ሲጠራቀም ቆይቷል፤ አንጎሉን ተጭኖታል። የቀኙ አንጎል የሚያዘው ግራ ጎንን ነውና ግራ ጎኑን ያሰነፈው እሱ ነው። ጉልበቱ ምንም አልሆነም።

«ዛሬ ቢመታ ኖሮስ?» አለች።

ሐኪሙ የኦፕራሲዮን ፈቃድ ወረቀቱን አቀበላት። «አሁን እንድንገባ ፍቀጂልን» አለና ሄደ።

እናታቸውን ፀጉር አስተካካዩ ነው ያመጣት። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ አላለቀሰችም፤ ልጇን በቁጣ አየቻት። «ጉልበቱ ነው ብላችሁኝ ነበር» አለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጭና ትወዛወዝ ጀመር። ባለታክሲው ከጎኗ ተቀመጠ።

«የልጄ ደጋፊ ነህ?» አለችው።

«አዎ እናቴ» አለ። ጫማውን ነው የሚያየው።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ትነሳለች፤ ነርስ ይወጣል፣ የሚገፋ አልጋ ይወጣል፣ የሌላ ሰው ሐኪም ይወጣል። «ገደልሽኝ» ያላት የመጨረሻ ቃሉ ቢሆንስ? በአፏ ውስጥ የጨርቅ ጣዕም ነበር፤ ሳታውቀው የሻርፗን ጫፍ ስታኝክ ቆይታለች። ሐኪሙ በመጨረሻ ሲወጣ ጭምብሉን አወረደ።

«ደሙን አውጥተንለታል» አለ ሐኪሙ። «ሕይወቱ ተርፏል። የቀረውን ቀስ እያልን እናየዋለን።»

ተረፈ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቆይቶ እግሩ ወደ ነበሩበት መመለስ ጀመሩ። ኳስ ግን አበቃ፤ ሐኪሙ በእናቱ ፊት በግልፅ ነገረው። ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና እህቱን አላናግር አለ። የቡድን ጓደኞቹ ሲመጡ የተኛ መሰለ። እሷ በየቀኑ ሥራዋን እየዘጋች ትመጣለች፤ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቱን እንዳዞረ ትሄዳለች። ኩርፊያው አላስከፋትም። የሚያኮርፍ ሰው በሕይወት አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ተኛ መስሏት የትራሱን ልብስ ስታስተካክል፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ኳሱ ሁለት ይሆንብኝ ነበር፣ እትዬ።»

እጇ ባለበት ቆመ።

«ሲመጣ ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዱን መርጬ እዘላለሁ። አንዳንዴ እውነተኛው ይሆናል። ካልሆነ ሰው ሲስቅ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም ነበር፣ ወንድምዬ?»

«ፈራሁ» አለ። «ብናገር እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት እጄን በሌላው እጄ እየነካሁ አለ ወይ እል ነበር።» ቀስ ብሎ ዞረና ዓይኗን አያት። «ያን ቀን ስትመጪ ጠልቼሽ ነበር። አልዋሽሽም። ግን ደግሞ ሳይሽ ‹በቃ፣ ሌላ ኳስ አይመጣም› አልኩና… ደስ አለኝ።»

ውሃ ቀዳችለትና ጠጣ።

«ለመሆኑ ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?» አላት።

አፏን ከፈተች፤ አታውቅም። ያን ሁሉ ቀን አንድም ሰው አልጠየቀችም። «እኔ እንጃ» ስትል ሳቁ አመለጠው፤ እሷም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው ሳቁ። በሳቁ መሃል ፊቱን ድንገት አኮማተረና ጭንቅላቱን ያዘ።

እሷ ወንበሩን ገልብጣ ተነሳች። «ነርስ!»

«ስፌቱ ነው፣ እትዬ! ስስቅ ስፌቱ ይስበኛል። ተቀመጪ፣ ምንም አልሆንኩም።»

ወንበሩን አነሳችና ተቀመጠች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ ወሰደው። እጇን ግን አልጋው ራስጌ ካለው የነርስ መጥሪያ ደወል ላይ አላነሳችም።